ትርፍ ሰዓት

አባቴ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሹፌር ነበር። ይህን የሚመሰክር ወረቀት አለ። የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዲት ቁጥር ሳላበላሽ።

ባለፈው ወር የአባቴ አሠሪ የነበሩት ጋሽ ሐብተ ማርያም ተቀበሩ። ቀብራቸው ላይ ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ! የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያነብ የተመረጠው ሰውዬ ማይኩን ሁለቴ እፍ እፍ አለና፣ «ጋሽ ሐብተ ማርያም በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት የሚሠሩ፣ እንቅልፍ የማያውቁ ታታሪ ሰው ነበሩ» ብሎ አነበበ። ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ወተፍኩት፤ ትከሻዬ ግን እንቢ አለኝ፣ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ለቅሶ መስሏቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ለእሳቸውስ ዕረፍት ነው» እያሉ ጀርባዬን ደባበሱኝ።

ዕረፍት! ከምን እንደሚያርፉ እግዜር ይወቀው። አሥራ ስምንቱን ሰዓት ከየት እንዳመጡት ግን እኔ አውቃለሁ። አሥራ ሁለቱ የአባቴ ነው።

ጋሽ ሐብተ ማርያም ጎንደር አራዳ ላይ የለስላሳ መጠጥ ማከፋፈያ ነበራቸው። አባቴ ዕንባቆም የእሳቸውን አይሱዙ ይነዳል፤ አያ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ደረቱ የሰፋ የዳባት ሰው ደግሞ እየጫነና እያወረደ አብሮት ይዞራል። መስመራቸው ሰሜን ነው። ዳባትንና ደባርቅን እያዳረሱ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው እስከ አዲ አርቃይ ሙሉ ሣጥን ያደርሳሉ፤ ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው ያንኑ ዳገት መልሰው ይወጡታል። አልፎ አልፎ ዕድል ሲቀናቸው ጠዳ ይላኩና ፀሐይ ስትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ።

እኔ አባቴን የማየው እሑድ እሑድ ነው። በሌላው ቀን ስነሳ ሄዷል፣ ስተኛ አልመጣም። መምጣቱን የማውቀው በቆርኪ ነው። ትራሴ ሥር ሁለት ሦስት የለስላሳ ቆርኪ ትቶልኝ ይሄዳል፤ ስነቃ እጄን ሰድጄ እቆጥራለሁ። ናፍጣና ስኳር ይሸታሉ። እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀርቦለት፣ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። እናቴ የትነበርሽ አገጩን ቀና አድርጋ፣ «ዕንባቆም፣ ኧረ ዋጠው!» ትለዋለች። ዓይኑን ሳይገልጥ ያላምጥና መልሶ ያንቀላፋል።

እኔ አፍርበት ነበር። የጓደኞቼ አባቶች እሑድ ካርታ ይጫወታሉ፣ ደጅ ቆመው ፖለቲካ ያወራሉ፤ የእኔው እያላመጠ ይተኛል። በልቤ፣ ምን ያለ ሰነፍ ሰው ነው! እል ነበር።

እሑድ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንድ ሥራ አለው፤ የሳምንቱን የስምሪት ወረቀት መሙላት። በየቀኑ አንጻር ሁለት ሣጥን አለ። አንዱ መነሻ ሰዓት፣ አንዱ መመለሻ ሰዓት ይላል። አባቴ ደግሞ የደብተራ ልጅ ነው፤ ዜማ ቤት ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ ትቶት መሪ የጨበጠ። ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ከተማ ሰው አልነበረም። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም ይላል። የጸሎት ሰዓቶች ናቸው። ነግህ ወፍ ሲንጫጫ ነው፣ ሠርክ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንዋም ሰው ሁሉ ወደ መኝታው ሲያዘግም። ወረቀቱም ላይ በዚያ በወፍራም ቁም ጽሕፈቱ ይህንኑ ያሰፍራል። ሰኞ ነግህ፣ ንዋም። ማክሰኞ ነግህ፣ ንዋም። ጠዳ የሄደ ዕለት ብቻ ነግህ፣ ሠርክ።

ማከፋፈያው ከትምህርት ቤቴ አጥር ጎን ስለነበር ወረቀቱን ሰኞ ሰኞ የማደርሰው እኔ ነኝ። የጋሽ ሐብተ ማርያም ቢሮ ከመጋዘኑ በላይ ነው፤ ደረጃው ላይ የፈሰሰ ለስላሳ ጫማ ይይዛል፣ ሲወጡ ቸክ ቸክ ይላል። አንድ ሰኞ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና፦

«ይሄ ምንድን ነው? ጸሎት ነው የሥራ ሪፖርት?» አሉኝ። «የሚያነብልኝ ቄስ ልቅጠር? አባትሽ ሸጋ ሰው ነው፣ ጊዜው አለፈበት እንጂ። የቄስ ቃል ድሮ ቀረ፤ አሁን በቁጥር ነው። አንቺ ቁጥር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ! እስከ ሺህ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዬ አንቺ ነሽ።»

ጸሐፊ! በዘጠኝ ዓመቴ ሥራ ያዝኩ። አዲስ እስክሪብቶ ተሰጠኝ፣ የቀዘቀዘ ለስላሳ ተከፈተልኝ፤ አረፋው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እንባዬን አመጣው። ጋሽ ሐብተ ማርያም በራሳቸው መሐረብ ጠረጉልኝ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው! አባቴ አንድም ቀን እንባ ጠርጎልኝ አያውቅም፤ መቼ ነቅቶ!

በሚቀጥለው እሑድ ለአባቴ ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነኝ አልኩት። ትራስ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ፤ እኔም «ጠዋት 12:00»፣ «ማታ 2:00» ብዬ ሞላሁ። ሰኞ ጋሽ ሐብተ ማርያም አይተው ምላሳቸውን ጠጥ አደረጉ።

«እይ እንግዲህ፣ ሣጥኗ ጠበበቻት። ቃል ወረቀት ያቆሽሻል። ቁጥር ብቻ ጻፊ፣ ቁጥር ንጹሕ ነው።»

አዲስ ወረቀት ሰጡኝ፤ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ገለበጥኩት። 12:00። 2:00። 12:00። 2:00። እውነትም ንጹሕ ሆነ።

«ጎበዝ! አሁን ቁጠሪልኝ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ስንት ሰዓት ነው?»

ጣቴን አወጣሁ። «አንድ... ሁለት። ሁለት ሰዓት!»

«አየሽ? አባትሽ በቀን ሁለት ሰዓት ይሠራል ማለት ነው።»

«ሌላውን ቀን ሁሉስ?»

«ሌላውማ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ቆሞ የሚነዳ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለልኝ። ሁለት ሰዓት ሠርቶ፣ የቀረውን ተቀምጦ ሊማሊሞን እያየ ሲዝናና ውሎ፣ እሑድ ደግሞ ደክሞኛል ብሎ እያላመጠ ይተኛል! ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። «አባቴ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው» ብዬ። አንዷ እንደውም፣ «ታድሎ!» አለችኝ።

ከነግህ እስከ ንዋም አሥራ አራት ሰዓት ነው። ሕጉ በቀን ስምንት ይላል። አባቴ «ነግህ» ብሎ የጻፈውን ጋሽ ሐብተ ማርያም ጠበቃ ቢያቆሙም ማታ ሊያደርጉት አይችሉም፤ «ንዋም»ንም ማንም ጠዋት አያደርገውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ግን ጠዋትም አለ፣ ማታም አለ፤ ሁለት ሰዓትም እንደዚያው። ሰውዬው ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በቃቸው። አባቴስ ምነው አላየም ትሉኝ ይሆናል። አይቷል። «ጻፍሽ?» ይለኛል፣ «ጻፍኩ» እለዋለሁ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያይና ይፈርማል። ለእሱ ምኑ ያሳስታል? ከንጋት ጀምሮ ሲነዳ ለዋለ ሰው ሁለት ሰዓት ማለት ማታ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው!

አንድ እሑድ አያ ወልደ ዮሐንስ ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ዱካ ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምነው ዝም ትላለህ ዕንባቆም? ትርፍ ሰዓትህን ጠይቅ እንጂ!» አለው።

«ጠየቅኩ። የለህም አሉኝ» አለ አባቴ።

«የለህም? ጉድ እኮ ነው! ሰዓታችንን በልተውት ሲያበቁ!»

«ቀን በቀን ይበሉታል፣ ጠያቂ የላቸው» አለች እናቴ ከጓዳ።

እኔ ጥግ ላይ ቆርኪ እየደረደርኩ የአባቴን እጅ አየሁ። መስታወቱ የተሰነጠቀው ሰዓቱ እዚያው ክንዱ ላይ ነው፤ ማንም አልበላውም። ደግሞም ሰዓት እያለው ትርፍ ሰዓት! ለመኪና ትርፍ ጎማ ይያዛል፤ ለእጅ ትርፍ ሰዓት ምን ይሠራል? በግራም በቀኝም ሊያስር ነው? እንዲህ ስግብግብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቢሆንም አባቴ ነው፤ አሳዘነኝ። በማግሥቱ ጋሽ ሐብተ ማርያምን ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ የአባዬን ትርፍ ሰዓት መቼ ነው የሚሰጡት?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማነው ጠይቂ ያለሽ?»

«ማንም። ባይሆን ቀለል ያለም ቢሆን ይስጡት፤ ያችኛዋ መስታወቷ ተሰንጥቋል።»

መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፤ ቀጥለው የገዛ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሳቁ። ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸው እስኪመጣ። «እሰጠዋለሁ እንጂ! ራሴ ነኝ ክንዱ ላይ የማስርለት!» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አቤት ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ!

ግንቦት ላይ አባቴ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞ ዳገት ላይ አንቀላፋ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እግዜር ሲያወጣቸው መኪናው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ዞረ። አያ ወልደ ዮሐንስ ግንባሩ ተፈንክቶ ተረፈ። የአባቴ ቀኝ እግር ግን ከፔዳሉ ጋር ተጨፍልቆ፣ በስንት መከራ አወጡት፤ ጉልበቱ ዳግመኛ አልታጠፈም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። አባቴ የተሰበረው ሥራ ላይ ነው ወይስ ከሥራ ውጪ? ሥራ ላይ ከሆነ ማከፋፈያው ያሳክመዋል፣ መንዳት ቢያቅተው እንኳ መጋዘን ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል። ከሥራ ውጪ ከሆነ ግን በሰው መኪና ሲዝናና የሰበረ ሰው ነው፤ በቃህ፣ ቤትህ ግባ ይባላል። እናቴ እከሳለሁ ብላ ተነሳች። ጋሽ ሐብተ ማርያም ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡና፣ «ምን ፍርድ ቤት ያመላልሰናል? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ በሽማግሌ እንጨርሰው» አሏት። ቤተሰብ! እስከ ዛሬ አሠሪ «ቤተሰብ ነን» ሲለኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት ያው ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ የጋሽ ሐብተ ማርያም ደንበኞች፣ ሦስተኛው መምሬ ፍቅረ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ፤ አባቴ ራሱ የመረጣቸው እሳቸውን ብቻ ነው። በየፊታቸው ለስላሳ ተከፍቷል። እናቴን «ሴት ታለቅሳለች፣ ነገር አያልቅም» ብለው ደረጃው ላይ አስቀሯት። እኔን ግን ጋሽ ሐብተ ማርያም ራሳቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከመግባታችን በፊት ጎንበስ ብለው ከኮታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ካርቶን አወጡ፤ ከፈት አድርገው አሳዩኝ። ውስጧ የሚያብረቀርቅ ሰዓት!

«ዛሬ ለአባትሽ ትርፍ ሰዓቱን እሰጠዋለሁ። አንቺ ሲጠይቁሽ የጻፍሽውን ልክ ልኩን ተናገሪ፣ እሺ?»

«እሺ ጋሼ!»

አባቴ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ቅንድቡ ተነሳ። «ልጅቱን ተዉአት፣ ከዚህ ነገር አታስገቧት» አለ። የሰማው የለም። ሲፈቀድለት፣ «አባቶቼ፣ ከነግህ ጀምሮ መሪ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ስድስቱንም ቀን እንደዚያ ነው የነዳሁት። ድካም ነው የጣለኝ፤ የተሰበርኩትም ሥራ ላይ ነው» አለ። አባቴ ንግግር አይችልም።

ጋሽ ሐብተ ማርያም ከአደጋው በፊት የነበረውን ሳምንት ወረቀት ዘረጉ። «እኔ ምንም አልልም፣ ወረቀቱ ይናገር። አሥራ ሁለት ሰዓት ገባ፣ ሁለት ሰዓት ወጣ። በየቀኑ ይኸው ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ መኪናዬን ይዞ የት የት እንደሚል እሱ ያውቃል።»

«ምነው ጋሼ!» አያ ወልደ ዮሐንስ ከበሩ ጥግ ዘሎ ተነሳ። «ጎንደርና አዲ አርቃይን በሁለት ሰዓት? ማኪናው ክንፍ አለው?»

«አንተ የእሱ ጓደኛ ነህ፣ ምስክር አትሆንም» አሉት አንደኛው ሽማግሌ፣ ጠርሙሳቸውን እየመጠጡ። እኚህ ሰውዬ በመንገዱ ከመቶ ጊዜ በላይ ተመላልሰውበታል። ደባርቅ ላይ ሆቴል አላቸው፤ የሆቴላቸውን ለስላሳ በየሳምንቱ የሚያወርድላቸው አባቴ ነው። በሁለት ሰዓት ሆቴላቸው ደጃፍ እንኳ እንደማይደረስ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይን ያወጣ ነገር ማለት ይሄ ነው።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?» ብለው ጋሽ ሐብተ ማርያም ወረቀቱን ለአባቴ አቀበሉት።

አባቴ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ «ሸጋ ጽሕፈት ነው» አለ።

እኔ ኮራሁ። አባቴ ጽሕፈቴን ሲያመሰግን የመጀመሪያው ነበር። «የእኔ ነው!» ብዬ ወደ መሃል ወጣሁ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት! አንድም ቀን አልተሳሳትኩም!»

መምሬ ፍቅረ ማርያም እስካሁን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ነበር፤ ለስላሳቸውንም አልነኩትም። ቀና አሉና በእጃቸው ጠሩኝ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ የሚነግሩኝ ይመስል፦

«ልጄ፣ ይህ ሁለት ሰዓት የነግህ ነው የንዋም?»

መልሱን አውቀው ነበር። አባቴ ጧት ጧት ትራሴ ሥር ቆርኪ ጥሎ የሚሄድ፣ ተኝቼ የሚመጣ ሰው መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «የንዋም» ብል አለቀ ነበር። አንዲት ቃል። ሽማግሌው አፌ ድረስ አምጥተው ሰጥተውኛል። እኔ ግን አፈርኩ። ጋሽ ሐብተ ማርያም እያዩኝ፣ ካርቶኗ ኪሳቸው ውስጥ እያለች፣ እኔ የዘመናዊ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ፣ የቄስ ቃል ላወራ?

«መምሬ፣ የቄስ ቃል ድሮ ቀረ» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። «አሁን በቁጥር ነው። ነግህም ንዋምም የለበትም። ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። «ልጅ አይዋሽም!» አሉ ባለ ሆቴሉ። መምሬ ፍቅረ ማርያም ወደ አባቴ ዞሩ፤ አባቴ አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ገጠመው። ወረቀቱን በአራት አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ፍርዱን ለመናገር ለስላሳው እስኪያልቅ ድረስ እንኳ አልፈጀባቸውም። ሁለት ለአንድ፣ ከሥራ ውጪ።

ከዚያ ጋሽ ሐብተ ማርያም ተነሱ። «ሥራ ቢለያየንም ወግ አይቅርብን። ዕንባቆም ስንት ዓመት አገልግሎኛል» ብለው ካርቶኗን ከፈቱ። የአባቴ ግራ ክንድ ላይ ያች የተሰነጠቀችው አለች፤ ቀኝ እጁን ሳቡና አዲሱን ሰዓት ራሳቸው አሰሩለት። አባቴ እጁን እንደ ሰው ዕቃ ተዘርግቶ ትቶላቸዋል። እኔ አጨበጨብኩ። ብቻዬን።

ስንወጣ እናቴ ከደረጃው ብድግ አለች። ክራንቹን፣ ከዚያ ሁለቱን ሰዓት አየች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ትርፍ ሰዓቱ ነው!» አልኳት እየዘለልኩ። «ሰጡት! እኔ ነኝ ያሰጠሁት!»

እናቴ እዚያው የሚጣበቀው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ደስታ ነው አልኩ።

ትርፍ ሰዓት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ሰባተኛ ክፍል፣ ስለ ሠራተኛ መብት ስንማር ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ክፍሉ በሙሉ ገልብጦ ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አባቴ ያኔ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር፤ በመስኮት ይታየኛል፣ እግሩን ዘርግቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ደወል ሲደወል በጓሮ በር ወጣሁ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ያን የስጦታ ሰዓት አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ አድርጎት አያውቅም፤ መሳቢያ ውስጥ በሦስተኛው ወር ቆመ። ርካሽ ነበር። እኔ ዛሬ አራዳ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ስምሪት ክፍል እሠራለሁ። ሞተረኞቹን «ሠራተኛ» አንላቸውም፤ «አጋር» ነው የሚባሉት። አጋር ደግሞ ትርፍ ሰዓት የለውም፤ እንደውም ጭራሽ ሰዓት የለውም። ጋሽ ሐብተ ማርያም ይህን ቃል ሳያገኙት መሞታቸው ይቆጫል፤ ምን ያህል ለስላሳ ባተረፈላቸው! እኔ ግን ለራሴ ደብተር ይዣለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የወጣበትንና የገባበትን ነግህ፣ ንዋም እያልኩ እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን አየውና፣ «ፀደንያ፣ ይሄ የምን ድግምት ነው?» አለኝ። ባለፈው ጥር አንዱ ልጅ አዘዞ መንገድ ላይ አንቀላፍቶ ወድቆ፣ «ከሥራ ውጪ ነው» ሲሉ፣ ድግምቴን ይዤ የልጁ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ደብተሩ ፍርድ ቤት ነው።

ከቀብር መልስ አባቴን ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«ተቀበሩ?» አለኝ።

«ተቀበሩ።»

«ነፍስ ይማር። ምን ተባለላቸው?»

«በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ይሠሩ ነበር ተባለ።»

ሳቀ። እያሳለው ሳቀ። «እኔን አሥራ አራት እያስነዱኝ እሳቸው የት ሆነው ሠሩት?» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ግን ለቅሶ ሆነብኝ። ሃያ ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን ያን ጊዜ አወጣሁት።

«አባዬ፣ መምሬ ፍቅረ ማርያም ሲጠይቁኝ አውቀው ነበር። የንዋም ነው ብል ኖሮ... አንተስ ምነው ተሳስታለች አላልክም?»

አባቴ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አመቻቸ። «ልል ነበር። አየሁሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀጥ ብለሽ ቆመሻል። እግሬ ተሰብሯል፤ አንቺን ደግሞ እኔ ልስበርሽ?»

የጸሎት መጽሐፉን አምጪልኝ አለኝ፤ አመጣሁለት። ከመሃሉ በአራት የታጠፈች፣ ጠርዟ የተበላ ወረቀት አወጣ። መጣሏን እንጂ መኖሯን አላውቅም ነበር። ሰኞ 12:00፣ 2:00። ማክሰኞ 12:00፣ 2:00። ስድስት ቀን፣ አንዲት ስርዝ የለባትም። ለምን እንዳስቀመጣት ጠየቅኩት። «ልጄ የጻፈችው ነዋ» አለኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን።

ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከሰኞ ጀምሬ ከእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ጎን «ነግህ»፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ጎን «ንዋም» ብዬ ጻፍኩ። ሣጥኗ አልጠበበችም፤ ቃሉ ደህና አድርጎ ይበቃባት ነበር። ስጨርስ ለአባቴ ሰጠሁት። ወረቀቱን ወደ ፀሐዩ አዙሮ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየተከተለ በጣቱ አነበበው።

«ሸጋ ጽሕፈት ነው» አለ።